ባለሁለት ክዳኑ ቀሚስ

ሸዋ ሮቢት
የካቲት 1973 ዓ.ም.

ውድ ሐረገወይን፣

ደብዳቤሽ ከመሐል ሜዳ እስከ ደብረ ሲና በማን እጅ እንደመጣ አላውቅም። ከደብረ ሲና ወዲህ ግን ያመጣልኝ ዓለሙ ነው፤ የደሴው አውቶቡስ ረዳት። ገና መኪናው ሳይቆም በመስኮት እጁን አውጥቶ ሰጠኝ። የሆቴላችን እንግዳ ምሳ ይጠብቃል፣ እኔ መሐል አዳራሹ ላይ ቆሜ አነባለሁ። ሴት ልጅ መገላገልሽን ያነበብኩ ጊዜ እልልታዬን ለቀቅኩት። አንድ ሽማግሌ መንገደኛ ደንግጠው ማንኪያቸው ከእጃቸው ወደቀ። አለቃችን ጋሽ አየለ ሊቆጡ መጥተው ነገሩን ሲሰሙ እሳቸውም ፈገግ አሉ። እንኳን ማርያም ማረችሽ።

ከዚያ ወደ ታች ስወርድ ደግሞ ሳቄ መጣ። «ምን ልልበስ?» ብለሽ ትጠይቂኛለሽ። ቀሚሶችሽ ሁሉ ከኋላ የሚዘጉ ሆነው ልጅቷን ለማጥባት ግማሽ ገላሽን እንደምታራቁቺ፣ የመንዝ ብርድ ደግሞ ያንን ጠብቆ እንደሚገባብሽ ጽፈሻል። ሐረገወይን ስለ ልብስ እኔን ትጠይቅ? ሮቢት ላይ ካንቺ በቀር ልብስ የሚያውቅ ያለ የማይመስልሽ አንቺ? ዩኒፎርማችን በመጣ በሳምንቱ ልብስ ሰፊው ሞገስ ዘንድ ወስደሽ ወገቡን ያስጠበብሽው፣ የፀጉርሽን ጥብጣብ ከቀሚሱ ቀለም ጋር ካላመሳሰልሽ ትሪ የማታነሺው?

ሳቄን ግን ገታሁት። የምነግርሽን ሁሉ የማውቀው ባንቺ ምክንያት ነውና።

ደሳለኝን የወለድኩ ጊዜ ባለቤቴ ግርማ ዘምቶ እንደነበር ታስታውሻለሽ። እናቴ ከደብረ ሲና ጋቢና አንገቱ ድረስ የተዘጋ ወፍራም የሱፍ ሹራብ ላከችልኝ። ደረቷን ብርድ የመታት እናት ወተቷ ይሸሻል፣ ሹራቡን ከላይሽ እንዳታወልቂ የሚል ትእዛዝም አብሮ መጣ። የእናቴን ቃል እንዴት እጥሳለሁ? በዚያ ሙቀት፣ ውሻው እንኳ ከጥላው ንቅንቅ በማይልበት በግንቦት ፀሐይ፣ ሱፍ ለብሼ ጋቢ ደርቤ ተቀመጥኩ። ጡቴ ሥር ሁሉ ሽፍ አለ። ልጁ ጡቴን ይጎርስና ላቡ ሲመረው ፊቱን ያዞራል። እኔ ደግሞ ብርድ መትቶኝ ነው እያልኩ ጋቢውን ይበልጥ እጠቀልላለሁ።

ልትጠይቂኝ የመጣሽ ቀን በር ላይ ቆመሽ አየሽኝ። «ፋናዬ፣ ብርዱ ያለው እናትሽ ዘንድ ነው። ይሄ ልጅ የተወለደው ሮቢት ነው» አልሽና ሹራቡን በራሴ በኩል ሞሽልቀሽ አወጣሽው። አማቴ እማማ አበራሽ አራስ ልትገድል ነው ብለው ጮኹ። ማታውኑ ልጁ ጠግቦ ተኛ፤ እሳቸውም ከዚያ በኋላ የሚጠሩሽ ልጄ ብለው ሆነ።

ትልቁ መከራ ግን ሥራ ስመለስ ነው የመጣው። ዩኒፎርማችን፣ ያ ሰማያዊ ቴትሮን ቀሚስ። ማን ቀድዶ እንደሰፋው አላውቅም፣ ልጅ የምታጠባ ሴት ሆቴል ውስጥ ትሠራለች ብሎ ያሰበ ግን አይመስለኝም። ፊቱ ድፍን፣ ዚፑ ከጀርባ፣ ጨርቁ አየር የማያስገባ። አውቶቡሶቹ ለምሳ ሲቆሙ እማማ አበራሽ ልጁን አዝለው ጓሮ ማንጎው ሥር ይመጣሉ። እኔ ዚፑን የሚከፍትልኝ ሰው ፈልጌ፣ ዕቃ ቤት ገብቼ፣ እስከ ወገቤ ተራቁቼ፣ በሩን በእግሬ ደግፌ አጠባለሁ። ልጁ ገና መሳብ ሲጀምር ከአዳራሹ ይጠሩኛል። እሱን ከጡቴ ነጥቄ ስሄድ የሚያለቅሰውን ለቅሶ እስከ ወጥ ቤት ድረስ እሰማዋለሁ። ወተቱ ደግሞ ለቅሶውን ሲሰማ ራሱ ይወርዳል፤ ሰማያዊው ጨርቅ ላይ ሁለት ክብ ሠርቶ ይታያል፤ ሾፌሮቹ ዓይናቸውን የሚያሳርፉበትን እኔ ነኝ የማውቀው።

በራሴ ብልሃት ደረቱን በመቀስ ቀድጄ በመርፌ ቁልፍ ያያዝኩትም ጊዜ አለ። መርፌው ተከፍቶ የልጄን ጉንጭ ጫረው። የዚያን ቀን አንቺ ነሽ ደሙን የጠረግሽለት።

ክሊኒክ ስወስደው ክብደቱ እንዳልጨመረ፣ እንዲያውም እንደቀነሰ ነገሩኝ። ወይ በደንብ አጥቢው ወይ የጣሳ ወተት ግዥለት አሉኝ። የጣሳ ወተት በየት በኩል? እኔ፣ ልጄና እማማ አበራሽ የምናድረው በእኔ ደመወዝ ነው። ሥራውን ብተው እንራባለን፣ ባልተው ልጁ ይከሳል። ሥራውን ልተው ወስኜ ሳህን እያጠብን ነገርኩሽ።

አንቺ አይዞሽ እንኳ አላልሽኝም። እጅሽን ጠራርገሽ፣ ትከሻዬን ይዘሽ ወደ ብርሃኑ አዞርሽኝና ደረቴን ገበያ ላይ እንዳለ ጨርቅ አገላብጠሽ አየሽው። «የተሳሳተው ልብሱ ነው እንጂ ያንቺ ገላ አይደለም» አልሽ። ቀጥለሽም ወደ ሞገስ ጎትተሽ ወሰድሽኝ።

የሞገስ ነገር አሁንም ያስቀኛል። ደረቴን ለመለካት ሜትሩን ይዞ ጣሪያ ጣሪያውን ሲያይ፣ አንቺ ከእጁ ነጥቀሽ ራስሽ ለካሽ። በስተቀኝና በስተግራ ቁልቁል የተሰነጠቀ ሁለት መክፈቻ፤ በላያቸው ኪስ የሚመስል ክዳን፤ ከክዳኑ ሥር ጠፍጣፋ ትናንሽ ቁልፍ። የክዳኑን ጨርቅ የቀሚሱን ግርጌ ቅምቅማት ፈትታችሁ ከራሱ አወጣችሁት። ልጅ ያቀፈች ሴት ያላት አንድ እጅ ነው ብለሽ፣ ድንች የሞላ ከረጢት በግራ እጅሽ አቅፈሽ፣ ቁልፉን በቀኝ እጅሽ ስትከፍቺና ስትዘጊ ሞገስን አሳየሽው። አንዱ ቁልፍ ሲያስቸግርሽ ጊዜ አስነቀልሽውና በሌላ አስለወጥሽው። ከውስጥ ደግሞ ቴትሮኑ ገላዬን እንዳይነካ፣ የሚፈሰውንም ወተት እንዲመጥልኝ ከአቡጀዲ ሸሚዝ አሰፋሽልኝ። አንቺ ቀበጧ፣ ደማቅ ቀለም ካልሆነ የማትለብሺው፣ አቡጀዲ መርጠሽ ቆመሽ ሳይ አላመንኩም።

በማግስቱ ማንጎው ሥር ተቀመጥኩ። ነጠላዬን በትከሻዬ ጣል አድርጌ ክዳኑን ገለጥኩ። ማንም ያየ የለም፣ ማንም ዚፕ አልከፈተልኝም። ደሳለኝ ጠጥቶ ጠጥቶ አፉ ጡቴ ላይ እንዳለ እንቅልፍ ወሰደው። ደስታ ያስለቅሳል ሲሉ የምሰማው እውነት ሆኖ አገኘሁት።

ከዚያ ጋሽ አየለ መጡ። ክፉ ሰው እንዳልሆኑ ሁለታችንም እናውቃለን፤ ግን ከዋናው መሥሪያ ቤት ተቆጣጣሪ ይመጣል በተባለ ቁጥር እንቅልፍ ያጣሉ። በስብሰባው ላይ አስነሡኝና የአንድ ሠራተኛ ልብስ ከሌላው ሊለይ እንደማይችል፣ እስከ ሰኞ እንደነበረው ካላስመለስኩት ከአዳራሹ እንደሚያስወጡኝ ተናገሩ። አንገቴን ደፋሁ። አንቺ እጅሽን አወጣሽ።

«ጋሽ አየለ፣ የከፋው መከፈቱ ነው ወይስ መለየቱ?»

«መለየቱ» አሉ እሳቸው።

ሰኞ ጠዋት በጓሮ በር ስትገቢ አየሁሽ። ያ ወገቡን ያስጠበብሽው፣ በስታርች የምታቆሚው ቀሚስሽ ደረቱ ላይ ሁለት ክዳን ተለጥፎበታል። ከኋላሽ ሒሳብ ሠራተኛዋ ወይንሸት፣ እሷም ክዳን። ከእሷ ኋላ ሌሎቹ አስተናጋጆች። ጋሽ አየለ ከዳር እስከ ዳር አዩን። የኔን አዩ፣ ያንቺን አዩ፣ የወይንሸትን አዩ። ከዚያ አውቶቡስ ሊደርስ ነው ጠረጴዛ ጥረጉ ብለው ወደ ቢሯቸው ገቡ።

ዕቃ ቤት ገብተን ክዳንሽን ገለጥኩት። ቁልፎቹ ተሰፍተዋል፣ የቁልፍ ቀዳዳዎቹም ዙሪያቸው በክር ተከፍፏል፣ መሐላቸው ግን አልተቀደደም። ለምን ብዬ ስጠይቅሽ ሳቅሽ። «ሞገስን የኔን ተወው አልኩት። የሚጠባው ሲመጣ ይከፈታል» አልሽኝ።

ይህ ሁሉ ሲሆን ያኔ አጣዬ ያስተምር የነበረው አሰፋ ሽማግሌ ሊልክብሽ ቀን ቆርጦ እንደነበር አውቃለሁ። አክስቱ እትዬ ከበቡሽ አንድ ቀን ከአዲስ አበባ ሲመለሱ ሆቴላችን ምሳ በሉ። ያስተናገድሻቸው አንቺ ነሽ። ልጆች አጥብተው ያሳደጉ ሴት ናቸው፤ ክዳኑን አይተው ምን እንደሆነ ለመረዳት አልተቸገሩም። አጣዬ ሲደርሱ ያቺ ልጅ ደብቃ የምታጠባው ልጅ አላት ብለው አወሩ። ሽማግሌዎቹም ቀሩ። ገበያ ስትወጪ ሴቶቹ መጀመሪያ ደረትሽን፣ ቀጥሎ ፊትሽን ማየት ጀመሩ።

አንቺ ግን አንዲት ቃል አልተነፈስሽልኝም። የነገረችኝ ወይንሸት ናት። እየሮጥኩ መጥቼ ክዳኑን ፍቺው፣ ትዳርሽ በእኔ ምክንያት አይበላሽ ብዬ እግርሽ ላይ ልወድቅ ስል በክንዴ ያዝሽኝ።

«እኔ ዛሬ ከፈታሁ ነገ ወይንሸት ትፈታለች። ከዚያ አንቺ ብቻሽን ትቀሪያለሽ። ደሳለኝስ?»

ብዙ አልቆየም፣ አሰፋ ራሱ መጣ። መስኮቱ ጋ ተቀምጦ ሻይ አዘዘ። ሻዩን ስታቀርቢለት እኔ ከኋላሽ ያለውን ጠረጴዛ እየወለወልኩ ነበር፤ የተወለወለውን ደግሜ ደጋግሜ መወልወሌን አሁን ልንገርሽ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሚወራው እውነት መሆኑን ጠየቀሽ።

«እኔ ልጅ የለኝም። ፋናዬ ግን አላት» አልሽው። ይኸው ነው። ትሪሽን ይዘሽ ወደ ወጥ ቤት ሄድሽ።

ሐረገወይን፣ እስከ ዛሬ ፊት ለፊት ያልነገርኩሽ ይህን ነው። ያንን ክዳን ገለጥ አድርገሽ ያልተቀደደውን ቀዳዳ ብታሳዪው ኖሮ ወሬው እዚያው ያልቅ ነበር። ማስረጃሽ ደረትሽ ላይ ነበር። አላሳየሽውም። በቃሌ ካላመነ ይቅርብኝ ብለሽ እንደሆነ ገባኝ። እኔ በዕድሜዬ ኩሩ ሰው ብዙ አይቻለሁ፣ እንዳንቺ ያለ ኩራት ግን አላየሁም። በሰው ፊት ለመዋብ ያን ያህል የምትጨነቂው ልጅ፣ ለእኔ ልጅ ስትይ የሰው ዓይን ምንም እንዳልሆነ ሆነሽ ቆምሽ። እወድሻለሁ፣ እኮራብሻለሁም። አሰፋንም እንኳን በቃሏ አመንክ በይልኝ፤ ሻዩን ጠጥቶ የወጣው ያ ሰው ሽማግሌዎቹን ከእነ አክስቱ ይዞ ሲመለስ ያየሁትን አልረሳም።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። ከደብዳቤው ጋር ከላክኩልሽ ጥቅል ላይኛው የእናቴ ሹራብ ነው። አዎ፣ ያው ሹራብ። እናቴ ለካ ልክ ነበረች፣ አገሩን ነው የሳተችው። ሞገስ ፊቱን ከአንገቱ እስከ ወገቡ ቀድዶ ዳር ዳሩን በደንብ ቀምቅሞ ቁልፍ አድርጎበታል፤ ለመንዝ የተሠራ ነው፣ ሳታፍሪ ልበሺው። ከሥሩ ያሉት የአቡጀዲ ሸሚዞች ናቸው፤ ለገላሽ ሁልጊዜ ጥጥ አስቀድሚ፣ ናይለኑን ለሰርግ አቆዪው። በብርድ ጊዜ አንድ ወፍራም ከመልበስ ስስ ስሱን ደርቢ፣ የምትከፍቺው የምታጠቢበትን ብቻ ነዋ። መቀነትሽን ዝቅ አድርገሽ እሰሪ፣ ጡትሽን የሚያጨንቅ ነገር አትልበሺ፣ ወገብ ማስጠበቡን ለጊዜው ተዪው። ቀለሙ አበባ አበባ ያለበት ይሁን፣ የፈሰሰ ወተት አያሳይም፤ አንቺም ታጌጪበታለሽ። መርፌ ቁልፍ የሚባል ነገር አጠገብሽ አይድረስ፣ ምክንያቱን ታውቂያለሽ።

ግርማ ሰላም ይልሻል። እግሩ እስካሁን ያነክሳል፣ ግን ሥራ ጀምሯል። እማማ አበራሽ ልጄን ሳሚልኝ ብለዋል።

ከጥቅሉ ግርጌ ያለውን ሳታዪው እንደማትቀሪ አውቃለሁ። ስትሄጂ ዕቃ ቤት ሚስማሩ ላይ የሰቀልሽው ሰማያዊ ቀሚስሽ ነው። ከዚያ ወዲህ ማንም አልለበሰውም፣ ወገቡ ለማን ይበቃል? ሞገስ ወገቡን ሰፋ አደረገልኝ። የቁልፍ ቀዳዳዎቹን ሊቀድ ምላጭ ሲያነሣ ግን ከእጁ ተቀበልኩት። መስኮቱ ጋ፣ አሰፋ የተቀመጠባት ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ፣ ክሩን እንዳልነካ እየተጠነቀቅኩ አንድ በአንድ እኔው ቀደድኳቸው። ደሳለኝ ጉልበቴን ተደግፎ ምን እየሠራሁ እንደሆነ ጠየቀኝ። ለአክስትህ ልጅ በር እየከፈትኩላት ነው አልኩት።

የምትጠባው መጥታለችና።

ያንቺው ፋናዬ