ልብስ ሰፊዋ ጎረቤታችን ከጨረሩ በኋላ
እህቴ፣ እንደምን ከረምሽ? ላሳክማት ሆስፒታል ይዣት የመጣሁት ልብስ ሰፊዋ ጎረቤታችን ተሽሏታል፣ ተመስገን! ለጭንቅላቷ ዕጢ ጨረር ከተሰጣት ወዲህ እኔን «እማዬ» ስትለኝ፣ አበቃላት ብዬ ነበር። እኛ ሰፈር ቢሆን «ጨርቋን ጣለች» ይሏት ነበር። እዚህ ሆስፒታል ግን አንዲት ተመራማሪ፣ እጇ ይባረክ፣ የአንጎል ደም ሥር ሴሎችን በማይክሮስኮፕ አሳየችኝ። «ጨረር ሲነካቸው አንዳንዱ ጂን ይተኛል፣ አንዳንዱ ያለ ልክ ይነቃል። ያኔ የደም ሥሩ ስፌት ይላላና አንጎል ያብጣል። መድኃኒት አለው፣ አይዞዎት እናቴ» አለችኝ። መድኃኒቱን ሲሰጧት እውነትም እብጠቱ ጎደለ።

ፖስት ካርዱ ጠበበኝ፣ ልጆቹን ሳሚልኝ፤ ግን ይህን ስሚ። ዛሬ የጎረቤታችን ልጅ እናቷን ልትጠይቅ መጣች። በሩ ላይ ቆማ «ታውቀኝ ይሆን?» ብላ ስታንሾካሹክልኝ፣ እናትየው ከአልጋዋ ቀና ብላ፣ «አንቺ! ፀጉርሽን ማን ነው እንዲህ የጨፈጨፈው?» አለቻት።