በማረጋጊያ ክፍላችን ስለተሰጠው ሥልጠና የቀረበ ምስጋና

ይድረስ ለተከበሩት የሆስፒታላችን የሥልጠናና የሰው ኃይል ክፍል ኃላፊ፤

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ ያ የሚሽከረከረው ወንበርዎም ደህና እንደሆናችሁ ተስፋ አደርጋለሁ። እኛ የሕፃናት ክፍል ነርሶች ከአንድ ክንድ በስተቀር ሁላችንም ደህና ነን። ስለ ክንዱ በኋላ እመለስበታለሁ።

ኦቲዝም ያለባቸው ልጆች በሚውሉበት ክፍል ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት ያገለገልኩ ነርስ ነኝ። ልጅ ራሱን ከግድግዳ ሲያጋጭ ውሎ እኛ ቤታችን ገብተን ለባሎቻችንና ለልጆቻችን የምንተርፍበትን መላ የሚያሳየን ሰው እንዲልኩልን አራት ጊዜ በጽሑፍ ለምነን ነበር። እርስዎም አላሳፈሩንም፤ «ኦቲዝም ያለባቸውን ሕፃናት ለሚንከባከቡ ነርሶች የተዘጋጀ የሥነ ልቦና ድጋፍ ሥልጠና» የሚል፣ ከርዝመቱ የተነሣ የኮሪደሩን ግድግዳ ጨርሶ ማዕዘኑን የታጠፈ ባነር አሰቅለው ሦስት ሙሉ ቀን አሠለጠኑ። ምስጋናዬን በቅደም ተከተል እንዳቀርብ ይፍቀዱልኝ።

፩. ስለ ሠልጣኞቹ አመራረጥ አመሰግናለሁ። የጥሪ ደብዳቤዎ «ሥራ የማይበደልባቸው ሠራተኞች ይላኩ» ስለሚል፣ የእኛ ሥራ ደግሞ ለአሥር ደቂቃ ስንጠፋ እንኳ የሚበደል ስለሆነ፣ ከነርሶች መካከል አንድም ሰው መሄድ አልቻለም። በምትካችን የንብረት ክፍሉ ኃላፊ፣ ሁለት የመዝገብ ቤት ሠራተኞች፣ አንድ ሹፌርና የእርስዎ ጸሐፊ ሠልጥነውልናል። የንብረት ክፍሉ ኃላፊ በሁለተኛው ቀን አልቅሷል አሉ። ለውጡንም አይተናል፤ ድሮ ጓንት የለም ሲለን ቀና ብሎ አያየንም ነበር፤ አሁን ግን ዓይን ዓይናችንን እያየ፣ በረጅሙ ተንፍሶ ነው የለም የሚለን።

፪. ስለ ቦታው አመራረጥም ምስጋናዬ የላቀ ነው። አዳራሹ ቀለም እየተቀባ ስለነበር ሥልጠናው በእኛ ማረጋጊያ ክፍል እንዲሰጥ አዘዙ። ምናልባት ወርደው ስላላዩት፣ ማረጋጊያ ክፍል ማለት በኮሪደሩ ጫፍ ያለች፣ ፍራሽ የተነጠፈባት፣ መብራቷ የደበዘዘ፣ ጫጫታ ሲበዛባቸው ልጆቹ ገብተው ራሳቸውን የሚያበርዱባት ጠባብ ክፍል ናት። ጸሐፊዎ ፍራሾቹን ስታስወጣ ክፍሉ ጸጥ ያለ ስለሆነ ለሥልጠና ይመቻል ብላናለች። እውነቷን ነው፤ ድምፅ ማጉያው እስኪገባ ድረስ ጸጥ ያለ ነበር።

፫. እዚህ ላይ ክንዱ ይመጣል። የሰባት ዓመት ልጅ አለችን። የጠርሙስ ቆርኪ በመስመር መደርደር ስለምትወድ እናቷ ሳትቀር «ቆርኪዬ» ነው የምንላት። አትናገርም። ጫጫታ ሲያስጨንቃት ማንም ሳይጎትታት በራሷ እግር ወደ ማረጋጊያ ክፍል እንድትሄድ ማስተማር አንድ ዓመት ከሰባት ወር ፈጅቷል፤ ያስተማረቻትም እኛ ትልቋ ሲስተር የምንላት ባልደረባዬ ናት። በሥልጠናው በሁለተኛው ቀን፣ ከምሳ በፊት፣ የብረት ትሪዎች የጫነ ጋሪ ኮሪደሩ ላይ ተገለበጠ። ልጅቷ ጆሮዋን ይዛ ተነሣች፤ እንደተማረችውም ብቻዋን ሄደች። በሩ ተቆልፎ «ሥልጠና ላይ ነን፣ አይረብሹ» የሚል ወረቀት ተለጥፎበታል። ማንበብ አትችልም እንጂ ብትችል ኖሮ በትሕትና ትመለስ ነበር። ልክ በዚያች ደቂቃ አሠልጣኙ ውስጥ ላሉት «ለራሳችሁ አጨብጭቡ» አላቸው፤ እነሱም ከልባቸው አጨበጨቡ።

ልጅቷ ግንባሯን ከበሩ ጋር ማጋጨት ጀመረች። ትልቋ ሲስተር ሮጣ ደርሳ ክንዷን በልጅቷ ግንባርና በበሩ መካከል አስገባች፤ ልጅቷም ክንዱን ነከሰችው። ሲስተር አልነጠቀቻትም፤ ብትነጥቃት ቀጥሎ የሚያገኛት በሩ ነውና ጭብጨባው እስኪያበቃ እንደተነከሰች ቆየች። ውስጥ ያሉት አርፋጅ የሚያንኳኳ መስሏቸው ነበር። ይህን የነገረኝ ሹፌሩ ነው፤ ከሥልጠናው ሲወጣ ደሙን አይቶ ፋሻ ፍለጋ የሮጠ ሠልጣኝ እሱ ብቻ ስለሆነ ሥልጠናው በከንቱ አልቀረም።

፬. ስለ ፈጣን ክትትልዎም አመሰግናለሁ። የሲስተርን ቁስል እየጠረግሁላት ሳለ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያዎ ደረሳት። በሥልጠናው ባለመገኘቷና «ራሷን ለማብቃት ባሳየችው ዝቅተኛ ተነሣሽነት» የተሰጠ ይላል። ሁለት ጊዜ አነበበችው፣ አጣጠፈችው፣ ከዚያ እስክሪብቶ ጠየቀችኝ። የመልቀቂያ ደብዳቤዋን በደህናው እጇ ጻፈች። «ደከመኝ እንጂ ልጆቹ አልሰለቹኝም፤ እንዳይመስላቸው» አለችኝ። ቢሮዎ ድረስ አደርስልሻለሁ ብዬ ተቀበልኳት። ዋሸኋት፤ ደብዳቤው ይኸው አምስት ቀኑ፣ ጋውኔ ኪስ ውስጥ ነው።

አምስተኛ ቁጥር ነበረኝ፤ ነገር ግን ትሕትናዬ እያለቀብኝ ስለሆነ ትቼዋለሁ። ፈርቻለሁ፣ ክቡርነትዎ። ቆርኪዬ ከሲስተር እጅ ካልሆነ አትጎርስም። ልብስ ሰፊዋ እናቷ ሲስተር ልትለቅ መሆኑን ሰምታ ትናንት በር ላይ ጠብቃኝ «እሷ ከሄደች ልጄን ማን ይይዝልኛል?» ብላ ጠየቀችኝ። ጥያቄውን ለሚመለከተው አካል አስተላልፌያለሁ፤ የሚመለከተው አካል እርስዎ ነዎት።

ስለዚህ ፍራሾቻችን ዛሬውኑ እንዲመለሱ፣ ማስጠንቀቂያው እንዲሰረዝ፣ አሠልጣኙም ተመልሰው በየፈረቃችን እኛን እንዲያሠለጥኑ በአክብሮት እጠይቃለሁ። ሠልጥነን እስክንመለስ ሠልጣኞችዎ ልጆቹን ይጠብቁልን ልል ነበር፤ ልጆቹ አሳዘኑኝ።

ለጊዜዎ፣ ለባነርዎና ለጭብጨባው ያለኝን ጥልቅ አክብሮት እየገለጽሁ፣ ከተቆለፈው በር ውጭ ቆሜ እጅ እነሣለሁ።

አንዲት ሥራዋ የሚበደልባት ነርስ

ግልባጭ፦
ለመዝገብ ቤት (ሁለቱም ሠራተኞች ሠልጥነዋልና ተረጋግተው ያነቡታል)

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ጽፌ ሳልጨርስ ለትልቋ ሲስተር «ሦስቱንም ቀን በንቃት ስለተሳተፈች» የሚል ሰርተፊኬት ከቢሮዎ ደረሳት። ለካ ለሪፖርቱ የነርስ ስም ያስፈልግ ኖሯል። ሰርተፊኬቱና ማስጠንቀቂያው ቀናቸው አንድ ነው፤ ፊርማቸውም የእርስዎ ነው። ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ማስጠንቀቂያውንና የመልቀቂያ ደብዳቤውን ይዤ እመጣለሁ፤ እርስዎ የራስዎን ከቀደዱ፣ ሲስተርም ያኔ የእሷን እንድትቀድ እግሯ ላይ ወድቄ እለምናታለሁ። ሰርተፊኬቱን ግን አላመጣም። ወረቀቱ ወፍራምና የሚያብረቀርቅ ስለሆነ ቆርኪዬ ቆርኪዎቿን ትደረድርበታለች፤ ከሥልጠናው እስካሁን የተጠቀመች የክፍላችን ሰው እሷ ብቻ ናት።