ጆንያ ከሚሰፋው ለልብ ሐኪሙ

ይድረስ ለጋሼ አራርሳ፣

የሶርን ፏፏቴ የሚያህል ሰላምታ ከመቱ ይድረስህ። እኔ ደህና ነኝ፤ ያንተን ደህንነትማ ሬዲዮው ነግሮናል።

ቁጭ ብለህ አንብብ፤ ከባድ ዜና አለ፦ እኔም ሐኪም ሆኛለሁ!

ጥፋቱ ያንተ ነው። ከኢሉባቦር የመጀመሪያው ልብ ከፍቶ የሚጠግን ሰው ከተባልክ ወዲህ፣ እኔ ኪቲላነቴ ቀርቶ «የዶክተሩ ወንድም» ሆኛለሁ። አንተ ልብ ትሰፋለህ፣ እኔም በነጋዴው በሻፊ መጋዘን የቡና ጆንያ እሰፋለሁ፤ የኔን ስፌት ግን ማንም በሬዲዮ አያወራም። ከዳሪሙ ቡና የሚያመጡ ሽማግሌዎች ደረታቸውን ገልጠው «እስቲ አዳምጠን» ይሉኛል። ጆሮዬን ለጥፌ «ልብዎ በግ ይታረድልኝ ይላል» እላቸዋለሁ።

እማዬም ስቃ «እኔንስ?» አለች። ጆሮዬን ስለጥፍ ደረቷ ውስጥ ዳገት የሚወጣ በቅሎ ያለ መሰለኝ።

«ምን ይላል?»

«አራርሳን ይጠራል፤ እኔንማ መቼ ጠርቶኝ ያውቃል!»

«ያ ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ እንዳትጽፍለት! የሰው ልብ በእጁ ይዟል» አለችኝ።

አሁን አሁን ከገበያ ስትመለስ ቤት ሳትደርስ የሻፊ መጋዘን በር ላይ ቁጭ ትላለች። ወሬ ወዳ ነው አሉ።

በል፣ ነገሩ ይህችው ናት፤ ቀላል ናት። በዓል ሳትጠብቅ ብትመጣም አንቀየምህም። ማዳመጫህን ግን ያዝ፤ የኔ ጆሮ አይታመንም።

ሁሌም የምቀናብህ ታናሽህ፣
ኪቲላ