ሳቅህን ከጎማ ማስታወቂያ ፊት ሰኩት

ሰይዴ፣ የኔ ጌታ፣ አላህ ይዘንልህ። ያላንተ ሁለተኛው ረመዳን አለፈ። ደህና ነን ብዬ ልጽፍልህ ነበር የተቀመጥኩት፤ ግን ምን ላድርግ፣ ተናድጃለሁ። ለአንተ ካልነገርኩ ለማን ልንገር?

ያን ሁሉ ዓመት የሠራህበትን ሬዲዮ ጣቢያ ገደሉት። ስሙን ለወጡት። አሁን በየደቂቃው ወሬ የለም፣ ሙዚቃ ብቻ ይላል፤ ወሬ የለም የሚለው ወሬ ግን ማለቂያ የለውም። ከሰዓት በኋላ የነበረው የሾፌሮች ፕሮግራምህ ቀረ። ሰው የሚባል የለም፣ ኮምፒውተሩ ነው አንዱን ዘፈን ከሌላው እያያያዘ የሚለቀው። በክረምት ጎርፍ ገዋኔ አካባቢ መንገዱን ቆርጦ ከባድ መኪናው ሁሉ ሲደረደር፣ እነሱ ጭፈራ ላይ ነበሩ። አንተ ብትኖር ዘፈኑን መሃል ላይ አቋርጠህ፣ ከሰመራ እንዳትነሱ ትል ነበር። ሚስት ለባሏ ዘፈን ልትመርጥ ስትደውል እንኳ፣ መኪናው የት እንደደረሰ ሳትጠይቅ አትከፍትላትም ነበር። ይሄ ሁሉ ወሬ ተባለ። ኤጭ!

ይሄንንስ ችዬው ነበር። ያልቻልኩት የሰሞኑን ነው።

እናትህ ከአዋሽ መጥታ እኔ ዘንድ ሰንብታለች። ሱቄ ውስጥ ቁጭ ብላ ምስር እየለቀመችልኝ ሳለ፣ ጎረቤት ያለው ጋራዥ እንደ ልማዱ ሬዲዮውን አስጩኾታል። ድንገት ሳቅህ መጣ። ያ ትንፋሽ እስኪያጥርህ የምትስቀው። እናትህ ብድግ ስትል ምስሩ ተበተነ፤ በሩ ላይ ደርሳ በስምህ ተጣራች። ከሳቅህ ቀጥሎ የጎማ ማስታወቂያ መጣ። እሷ ግን እዚያው ቆማ ቀረች። ምን ብዬ ላስገባት?

ሻሼን እንኳ በደንብ ሳላስር ጣቢያው ሄድኩ። ኃላፊው አዲስ ነው፣ አያውቅህም። ትሁት ነው፣ እሱ ደግሞ ይብስ አናደደኝ። ወንበር ሰጠኝ፣ ውሃ አስመጣልኝ፣ ለመታሰቢያው ብለን ነው አለኝ። የማን መታሰቢያ? የጎማው? ሌላው ድምፁ የታለ ብዬ ጮኽኩበት። መሣሪያ ሲቀየር የድሮው ሁሉ ተደምስሷል፣ የቀረችው ይህቺ ሳቅ ብቻ ናት አለ። እሷን ከማስታወቂያው ካወጣናት ከዚህ በኋላ ድምፁ በአየር ላይ አይሰማም፣ አስቢበት አለኝ።

በገዛ እጄ ላጠፋህ ነው እኮ! ግን እናትህ ሳቅህ በመጣ ቁጥር ወደ በሩ ስትሄድ ታየኝ። አውጣት አልኩት። ዓይኔ እያየ አወጣት፤ አንዷን ቅጂ ስልኬ ላይ ጫነልኝ። ወጥቼ ብከፍታት ሳቅህ ብቻዋን ናት፣ ከፊቷ የተናገርከውን ቆርጠው ጥለውታል። እጃቸው ይቆረጥ!

ቤት ስመለስ እናትህ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ፤ ልጄ ምን አግኝቶ ነው እንዲያ የሳቀው አለች። እነሱ አያውቁም፤ እኔ አውቃለሁ፣ ያን ቀን ደንበኛ አቁሜ እየሰማሁህ ነበር። ሰርዶ ከተማ መስጊድ ሾፌሮቹ ዙሁር ሰግደው ሲወጡ፣ አንዱ ሾፌር ተቻኩሎ ሁለት የግራ ነጠላ ጫማ አድርጎ መኪናውን አስነስቶ ሄደ። ሌላው ሁለት የቀኝ ተርፎት፣ በዚያ እግር በሚልጥ አስፋልት ላይ ሆኖ ደወለልህ። አንተም በአየር ላይ፣ ሁለት ግራ እግር ያለህ ሾፌር፣ ፍሬን ሳትይዝ በፊት ወደ ታች እይ ብለህ ሳትጨርስ ሳቅህ ቀደመህ። ጫማ ያሳሳተውም ሾፌር ሰምቶህ፣ መኪናውን አዙሮ ተመለሰ።

ይሄን ስነግራት እናትህ ሳቀች። ካንተ ሞት ወዲህ ስትስቅ ሰምቻት አላውቅም። ወላሂ፣ ሳቋ የአንተው ነው፣ ትንፋሽ እስኪያጥራት። እንዳታቆም ብዬ ሌላ ታሪክህን ጨመርኩላት። ገና ብዙ አለኝ ሰይዴ፤ እኔ እስካለሁ አንዱም አይደመሰስም።