ያልተሰፋው ባና

ለእህት ዓለሜ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ሕመሙስ እንዴት አደረገሽ? ልጅሽ ጽናት ደህና አድርጋ ታስታምምሻለች ወይ? እኔ፣ ብርድ ሲሆን ጉልበቴ ከማጉረምረሙ በቀር፣ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ገብሱ አሽቷል፤ ውርጭ ካልመታው እንበላለን። ጥቁሯ በግሽ መንታ ወለደች።

ስልክ እያለ ለምን ጻፈ ትዪ ይሆናል። በስልክ ድምፄን እንደ ጋን አፍ ታሸቺዋለሽ። "ጋሼ፣ ዛሬ ምላስህ ከብዷል" ካልሽ ወዲያ ሌላ ወሬ የለም። እንግዲህ ፊደሌን እዪው። ዳዊት ሳልደግም ከቄሱ ደጅ የወጣሁ ሰው ነኝና ስሕተቱን ተዪው፤ መስመሩ ግን ቀጥ ብሏል። እጄ አይንቀጠቀጥም።

ጽናት ደውላልኝ ነበር። "እማዬ መድኃኒቱን በቃኝ ብላለች፣ አገሬ አስገቡኝና እዚያው ልሙት ትላለች፣ እርስዎ ይንገሯት" አለችኝ። ስልኩን ዘጋሁባት። ምን ልበላት? ማለዳ ስነሳ ዓይኔ ቀድሞ የሚሄደው ወደ ጣራሽ ነው፤ ጭስ የለውም። አትምጪ በላት ብዬ ባዘው አንደበቴ አልታዘዝ አለኝ።

ውላችንን ግን አልረሳሁም። የጎጆዬን እመቤት ወለተኪዳኔን ከቀበርኩ ወዲህ አረቄው እኔንም ከጎኗ ሊያስተኛኝ ሲል ማን መጣ? አንቺ። ጠርሙሱን አመድ ላይ ደፍተሽ፣ ደጃፌ ላይ ቁርበት አንጥፈሽ፣ እንደ በር መቀርቀሪያ ተጋደምሽ። ላቡና መንቀጥቀጡ ሲያዋክበኝ በአፌ ያላልኩሽ የለም። "ስደበኝ፤ መውጣት ግን የለም" አልሽኝ። እጅህ ሥራ ይያዝ ብለሽ እንዝርት ብታቀብዪኝ፣ እኔ ሴት ነኝ ወይ ብዬ ወደ ጓዳ ወረወርኩት። ያን ሁሉ ጊዜ ጡትሽ ውስጥ ያበጠውን ነገር ይዘሽ ዝም ብለሽ ነበር። የነገርሽኝ ሐኪም ዘንድ ልትሄጂ ስትነሺ ነው። "አንተ አረቄ አትቅመስ፣ እኔም መድኃኒቱን አልተው" አልሽ፤ ቄስ ገብረየሱስ መስቀላቸውን ይዘው ሰሙን።

እኔ አላፈረስኩም። ቀየት ገበያ ስወጣ አረቄ ሻጯ ጌታነሽ "ጋሼ፣ ምን አስቀየምኩዎት? ደጄን ረገጥ አያደርጉም" ትለኛለች።

"እህቴ በር ላይ ተኝታለች" እላታለሁ።

"እሳቸው አዲስ አበባ አይደሉ እንዴ?" ትላለች።

"እንደተኛች ነው" ብያት አልፋለሁ።

አንቺም አታፍርሺ። አሁን ደጃፍሽ ላይ የተጋደምኩት እኔ ነኝ። ስደቢኝ፤ መውጣት ግን የለም። መድኃኒቱ አልቆ ሐኪሙ ሂጂ ሲልሽ ያን ጊዜ ትመጫለሽ።

ብርዱ አጥንቴ ገባ ብለሻል አሉ፤ ባና ልኬልሻለሁ። ጠጉሩ የበጎችሽ ነው። ማን ፈተለው ብለሽ አትጠይቂኝ፤ ሰው ቢጠይቅሽም ሳልታመም ፈትዬ ያስቀመጥኩት ነው በዪ። የሸመነው ሀዲስ ነው፤ እሱ ደግሞ አፉ አያርፍም። "ይቺ ፈታይ መጀመሪያ ላይ ወባ ይዟት ነበር ወይ? ክሯ እንቁላል የዋጠ እባብ ይመስላል" አለኝ። ቆይቶ ደግሞ "ወደ ኋላ ግን እጇ ተገርቷል፤ ባል ከሌላት አሳዩኝ" ብሎ ሳቀ። ሽመናውን ጠቅልዬ ወጣሁ።

ባና እንደምታውቂው በሁለት ወርድ ተሸምኖ መሃሉ ይሰፋል። የላክሁልሽ የፊተኛውን፣ ጉጥ ጉጡን ነው፤ መልክ የለውም፣ ግን ይሞቃል። ልስልሱ እኔ ዘንድ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ሀዲስ ልስፋልዎት ቢለኝ ከለከልኩት። መጥተሽ ትሰፊዋለሽ። እኔ መርፌ አልይዝም። እሱስ የሴት ሥራ ነው።

ጽናትን ግንባሯን ሳሚልኝ፤ ስልክ የዘጋሁባት ተቆጥቼ አይደለም። መድኃኔዓለም እጁን ይዘርጋልሽ፤ የምትውጪውን መራራ ወደ ጤና ይለውጥልሽ፤ በእግርሽ ቆመሽ የጣራሽን ጭስ ያሳየኝ።

ደጃፍሽ ላይ ያለው ወንድምሽ