ከበሩ ያልተነሳው ዘበኛ

ለልጅነት ጓደኛዬ፣

አሰላሙ አለይኩም። ጤናሽ እንዴት ነው? ወገብሽን ተሻለሽ? የጂዳው ሙቀትስ ቀለል አለልሽ? እኛ አልሀምዱሊላህ ደህና ነን። መካነ ሰላም ዘንድሮ ብርዱ በርትቷል፤ ጠዋት ክፍል ስገባ ተማሪዎቼን ከነጋቢያቸው ነው የማገኛቸው።

እሑድ ሽማግሌዎቹ አባትሽ ዘንድ ሄደው ምን እንደተባለ ንገረኝ ብለሻል። አንተ ጥሩ ነው ካልከኝ አሕመድኑርን አገባለሁ፣ አይሆንም ካልክም ይቀራል ያልሽውን ደጋግሜ አነበብኩት። በስልክ ድምፄን ስላላመንኩት ነው የምጽፍልሽ። መጀመሪያ ግን ሁለታችንም ስለምንከታተለው የቴሌቪዥን ድራማ ልናገር፤ ካልተናገርኩ አይወጣልኝም።

የቅዳሜውን አየሽው? ኪዳንን ምን እንዳደረጉት! ከመጀመሪያው ክፍል ጀምሮ ከጓደኞቹ ጋር ወረቀት ላይ የዘንዶና የግንብ ጨዋታ ሲጫወት ሲያሳዩን ከረሙ። አንዱ ጠንቋይ፣ አንዱ ፈረሰኛ ሲሆን እሱ ሁልጊዜ የበር ዘበኛ ነው። ዘንዶ ቢመጣ፣ ግንቡ ቢቃጠል ከበሩ ንቅንቅ አይልም። የሚወዳት ልጅ ሻንጣዋን ይዛ ስትወጣ እኔ ከመቀመጫዬ ተነሳሁ፤ አሁን ዘበኛው በሩን ትቶ ይከተላታል ብዬ። አንድ እርምጃ ብቻ ቢራመድ ያ ሁሉ ጨዋታ ለምን እንደታየን ይገባን ነበር። ደራሲው ግን ጨዋታውን ከነአካቴው ረሳው። ኪዳንን መኪና አስገጭቶ ሆስፒታል አስተኛልን! ተናድጄ ቴሌቪዥኑን አጠፋሁት። እናቴ ዜናው ስላመለጣት እስካሁን አኩርፋኛለች።

ለምን እንዲህ እንዳንገበገበኝ አንቺ ታውቂያለሽ። ዘጠነኛ ክፍል ሳለን በሂሳብ ደብተርሽ ጀርባ ግንብ ስለን፣ ዳይስ እየጣልን ስንጫወት ፈረሰኛዋ አንቺ ነበርሽ። እኔ ማን እንደነበርኩ አልጽፍም። የሄድሽ ቀን መናኸሪያ ድረስ መጥቼ፣ አውቶቡሱ እስኪሞላ አንድ ሰዓት ሙሉ ወደ ከላላ ስለሚወስደው መንገድ ብልሽት አወራሁሽ። ሻንጣሽን አሳሰርኩልሽ፣ ውሃ ገዛሁልሽ። ሌላ የምለው ነበረኝ፤ ሳልለው መኪናው ሄደ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

እሺ፣ ወደ እሑዱ ልመለስ። አሕመድኑር ከሽማግሌዎቹ ጋር እንድሄድለት ለመነኝ። ዕድሜህ ለሽማግሌነት ባይደርስም መምህር ነህ፣ ለቤተሰቧም ቅርብ ነህ ብሎ። እምቢ የምልበት ምክንያት ቸገረኝና እሺ አልኩት። ከወረኢሉ ከመጡት ሁለት አዛውንቶች ጋር ገባን። ተቀመጡ ስንባል እንደ ወጉ ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም ብለን ቆምን። አዛውንቶቹ ተናገሩ። አባትሽ የልጁን ጠባይ እኔን ጠየቁኝ፤ ታማኝ ነው፣ ሰው አክባሪ ነው አልኳቸው። አልዋሸሁም።

ከዚያ ሌሎቹን ተዉና እኔን ብቻ እያዩ፣ ልጄ፣ ከዚህ ሰው በፊት ልሰማው የሚገባኝ ሌላ ጠያቂ አለ ወይ አሉኝ። ብዙ ጠበቁኝ።

የለም አልኳቸው።

ተቀመጥን፣ ዱዓ ተደረገ። ስንለያይ አባትሽ ሁላችንንም ጨበጡን፤ የእኔን እጅ ግን ቶሎ አልለቀቁትም።

እንግዲህ ጠይቀሽኛልና፣ አሕመድኑር ጥሩ ሰው ነው። አግቢው። አላህ በሰላም ለአገርሽ ያብቃሽ፣ ትዳርሽን የሰመረ ያድርግልሽ፣ ልጆችሽን አቅፈሽ ለመሳም ያብቃሽ። ከእንግዲህ ደብዳቤዬ ቢጠፋብሽ ሥራ በዝቶበት ነው በይ።

ወንድምሽ