አንገቱን የደፋ አበባ

ውድ ሚሉንካ፣

ስለ እኔ የሚወራው ወሬ ስህተት አለበት። እሑድ፣ ሰው ሁሉ ቅዳሴ ላይ ሳለ፣ አካፋ ይዤ ባዶ ግቢሽ ገብቼ አበባ ስሰርቅ እንዳየችኝ ስላቮይካ ዳቦ ቤት ሰልፍ ላይ ተናግራለች። ወሬው ኒሽ ከተማ፣ ልጅሽ ቤት ድረስ መድረሱን አልጠራጠርም። ቀኑ ማክሰኞ ነበር። የያዝኩት ትንሿን መኮትኮቻ እንጂ አካፋ አልነበረም። የወሰድኩትም የለም። ደግሞስ እሑድ እሷ ለምን ቅዳሴ አልሄደችም?

የገባሁበት ምክንያት ይህ ነው። ቤትሽን የገዛው ሰውዬ ለመኪናው ማቆሚያ በሰሜኑ ግድግዳ ሥር፣ ፀሐይ በማይደርስበት ጥላ ላይ፣ ሲሚንቶ ሊያፈስ ነው። ያ ኩኩሬክ የምንለው የክረምት አበባሽ እዚያ በረዶው ሳይለቅ አብቧል። ላንሳው ብዬ ጠየቅሁት። «ሣሩን ነው የሚሉኝ፣ እማማ? ይውሰዱት። እስከ ቅዳሜ አልነካውም» አለኝ። ኩኩሬክን ሣር የሚል ሰው ስለ ቅዳሜ የሚናገረውን አላምንም።

የዛሬ አራት ዓመት ያን ተክል በአጥር ላይ አሻግሬ ሳየው ደሜ ፈላ። በመንደሩ ጥቁር ኩኩሬክ ያለኝ እኔ ብቻ ነበርኩ። ከእናቴ ግቢ ያመጣሁት ነው፤ ሥሩ ሲከፈል ሁለት ዓመት ስለሚያኮርፍ ለማንም አልሰጠሁም። አንቺንም ከልክዬሻለሁ። ስለዚህ ከየት እንዳመጣሽው ጠየቅሁሽ። «ገዛሁት» ብትይኝ አምንሽ ነበር። አንቺ ግን ልብስ እያሰጣሽ፣ ፊትሽን እንኳ ሳትመልሺ፣ «የሚጸድቀው የተሰረቀ አበባ ነው፣ ዴሳንካ። ይህን ሕፃን ያውቃል» አልሽኝ።

በእርግጥ ሕፃን ያውቃል። ጎረቤት ተክል ሲሰጠን እንኳ እንዳይደርቅብን «አመሰግናለሁ» አንልም፤ እንደ ሌባ ዝም ብለን ይዘን እንሄዳለን። እኔ ግን ቃልሽን እንደ ኑዛዜ ወሰድኩት። ቤቴ ገብቼ የእናቴን ተክል ዙሪያውን መረመርኩ፤ በአንድ በኩል አፈሩ የተነካ መሰለኝ። የግቢዬን ቁልፍ ቀየርኩ። የፕለም ማርማላታ ስትልኪልኝ ጥፋቷን ልትሸፍን ነው ብዬ ማሰሮውን ሳልከፍት መለስኩት። ባለፈው መስከረም ልጅሽ ልትወስድሽ ስትመጣ መጋረጃ ጀርባ ቆሜ ነበር፤ ምን ጭነሽ እንደምትሄጂ ለማየት። ወደ መስኮቴ ዞር ብለሽ እጅሽን አነሳሽ። እኔ አላነሳሁም።

ማክሰኞ ከተክሉ ሥር ተንበረከክሁ። ኩኩሬክ አንገቱን ደፍቶ ነው የሚያብበው፤ ፊቱን ለማየት በጣት ቀና ማድረግ ያስፈልጋል። ይህን ሃምሳ ዓመት ሙሉ ለሰው ሁሉ ሳስተምር የኖርኩት እኔ ራሴ ነኝ። አራት ዓመት ሙሉ ግን ከአጥር ማዶ ያየሁት ጀርባውን ነበር። ቀና አደረግሁት። የእናቴ አበባ ውስጡም ጥቁር ነው፤ በቀይ ነጠብጣብ የተሞላ። ያንቺ ውስጡ አረንጓዴ ነው፤ አንዲት ነጠብጣብ የለበትም። ሁለተኛውን አየሁ። ሰባቱንም አበቦች አየሁ። መምህርታችን ሳይመረመር ለተጻፈ መልስ ዜሮ ነበር የምትሰጠን።

መኮትኮቻዬን እዚያው ጥዬ ወጣሁ።

ሚሉንካ፣ በድዬሻለሁ፤ ይቅር በይኝ። ይህን ዓረፍተ ነገር ሦስት ጊዜ ጻፍኩት፤ ሁለቱን የቀደድኩት «ነገር ግን» ስለነበረባቸው ነው።

አንድ የተለየ ጉዳይ አለ። ከየት አገኘሽው? ከጫካ ከሆነ ከየትኛው? አንዲት ቃል ስትበቃ አራት ዓመት ለምን ዝም አልሽ? ወይስ ስብሰለሰል ማየቱ ደስ ይልሽ ነበር? መልስ እፈልጋለሁ።

ነገ መጀመሪያ፣ ሰውዬው ሳይነቃ፣ መኮትኮቻዬን አነሳለሁ። ተክሉ የሚነቀልበት ጊዜ መስከረም መሆን ነበረበት፤ ሲሚንቶ ግን መስከረምን አይጠብቅም። ስለዚህ ዙሪያውን አስፍቼ ቆፍሬ ከነአፈሩ አወጣዋለሁ፤ በእርጥብ ጆንያ እጠቀልለዋለሁ። ከዚያ የጠዋቱን አውቶቡስ እይዛለሁ። ለሾፌሩ ሰጥቼ ልልከው አስቤ ነበር፤ ሾፌሩን አላምነውም። ጉልበቴ ላይ አድርጌ እኔው አመጣዋለሁ። ይህን ደብዳቤም እንዲሁ።

መጀመሪያ አንብቢው። እኔ ደጅ እጠብቃለሁ።

ዴሳንካ